አጃአ የተባለች ወፍ

ሰኪና ቱሳ ቁስል አይታ አፍንጫዋን ይዛ አታውቅም። አሰላ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ናት። ሰው ሁሉ ፊቱን የሚያዞርበትን እግር ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ መግሉን ጠርጋ፣ ትሉን በመቆንጠጫ ለቅማ፣ በንጹሕ ፋሻ ጠቅልላ «በል አላህ ያሽርህ» ብላ የምትሸኝ ልጅ። እንዲህ ያለችውን ልጅ ምን ያስመልሳታል ትላላችሁ? የምትወደው ሰው ቤት!

አዎ፣ የመምህር አሳምነው ቤት። አሳምነው ከአዲስ አበባ ኮሌጅ ወጥቶ አሰላ የተመደበ የሳይንስ መምህር ነው፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ጎረምሳ። ሦስት ዓመት ሙሉ ትርፍ ጊዜውን የጨረሰው ወፍ በማደን ነው። ለመብላት ቢሆን ማን በጠየቀው። እሱ ግን ወፏን ይገድልና ሆዷን ቀዶ፣ ሥጋዋን ከቆዳዋ ለይቶ፣ አንጎሏን በትንሽ ማንኪያ ጠርጎ ያወጣል። ከዚያ ቆዳውን መርዝ ይቀባና ጥጥ ሞልቶ አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ፈረንጅ ፕሮፌሰር ይልከዋል። አንጀቱና ዓይኑ ጣሳ ውስጥ ይጠራቀማል። ዝንቡን አታንሱት። የከተማው ሰው «ቆዳ ፋቂው መምህር» እያለ ነበር የሚያማው፤ ቤት ያከራዩት ሴትዮም ኪራይ ሲቀበሉ በር ላይ ቆመው ነው።

ታዲያ ሰኪና ያንን ግማት ችላ የምትገባው በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት የገባች ለት አንድ መምህር «ሰኪና ብሎ ስም አይመቸኝም» ብሎ ብርሃነሽ አላት። ብርሃነሽ እንደተባለች ቀረች። ክሊኒኩም ብርሃነሽ ይላታል፣ ሐኪሙም ብርሃነሽ ይላታል። አሳምነው ጣቱን ምላጭ ቆርጦት የመጣ ቀን፣ ፋሻውን ስትጠቀልልለት ቀና ብሎ አያትና፣ «አባትሽ ማን ብሎ ነው የሚጠራሽ?» አላት። ማንም ጠይቋት አያውቅም። «ሰኪና» አለችው። እሱም ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰበርበት እንደሚፈራ ሰው፣ «ሰኪና» ብሎ ደገመው። በቃ፣ እዚያው አለቀላት።

ከተዋደዱ በኋላ ነው ጣጣው የወጣው። ኦቦ ቱሳ፣ የሰኪና አባት፣ ከሳጉሬ ወዲያ የሚያርሱት መሬት የወይዘሮ አበራሽ ነው። በየዓመቱ የገብሱ እኩሌታ ተጭኖ አዲስ አበባ ወይዘሮ አበራሽ ደጅ ይራገፋል። ወይዘሮ አበራሽ ደግሞ የአሳምነው እናት ናቸው! የጢሰኛ ልጅና የባለ መሬት ልጅ። ይኼን ያወቁ ቀን አሳምነው «እናቴን አሳምናታለሁ» አለ፤ ሰኪናም አመነችው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መስከረም 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሰኪና በስፒሪት የነከረችውን ጥጥ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥንብ አንሳ ክንፉን ዘርግቶ ተገልብጧል። ሆዱ ተከፍቷል። ምን በልቶ እንደሞተ እግዜር ይወቀው፤ ሽታው ግድግዳውን ይገፋል።

«ይኼን ደግሞ ምን ብለው ጠሩት?» አለችው በጥጡ ውስጥ።

«ኔክሮሲርቴስ ሞናኩስ» አለ አሳምነው፣ ቢላውን ሳያስቀምጥ። «የመጀመሪያው የወገኑ ስም ነው። በግሪክ ሬሳ ጎታች ማለት ነው። ሁለተኛው የራሱ ስም ነው፣ መነኩሴ ማለት። ቆብ የደፋ ይመስል የለ?»

«ሬሳ ጎታች መነኩሴ! ኧረ በአላህ! ይኼ ስም ነው ስድብ?»

«እኛስ ጥንብ አንሳ አይደል የምንለው? ምን አሻሻልነው?»

ሳቀች። መሳቋ ነው ጉድ ያፈላው፤ አፏን ስትከፍት ሽታው ዘልቆ ገባ። እየሮጠች ወጥታ አጥሩ ሥር ጎንበስ አለች። አሳምነው በጣሳ ውሃ ይዞ ተከተላት። የደም እጁ እንዳይነካት ክንዱን አርቆ ውሃውን ያንቆረቁርላታል። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላል። እሷ ደግሞ እያስመለሳት፣ እያፈረች፣ እየሳቀች፣ ይኼን ሰው የመውደዷ ነገር ራሷንም ገረማት።

ሲመለሱ መስኮቱ ላይ የደረቀች አንዲት ቡናማ ወፍ አየች። «ይቺን አውቃታለሁ!» አለች። «አባቴ ምንጭ ዳር የምትመላለሰው ናት። ጅራቷን ወደ ላይ እየወረወረች ነጩን የምታሳየው።»

«ሩዤቲየስ ሩዤቲ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሩዤ የሚባል ፈረንሳዊ ነበረ። በሱ ስም ነው የተሰየመችው።»

«ሁለተኛውስ?»

አሳምነው ጆሮውን አከከ። «እሱም ሩዤ ነው። መጨረሻው ላይ 'ኢ' የሚለው 'የእሱ' ማለት ነው። የሩዤ።»

«ሁለቴ?» አለች ሰኪና። «ወገኗም ሩዤ፣ ራሷም የሩዤ? እኛ ደጅ ተፈልፍላ፣ እኛ ምንጭ ጠጥታ! ስም የሌለን መሰላቸው እንዴ? መጥቶ ያየን ሁሉ ስም እየለጠፈብን ይሄዳል?»

ስለ ወፏ ብቻ እንዳልተናገረች ገብቶታል። ቢላውን አስቀመጠና ቀጥ ብሎ ቆመ። «ስሚኝ ሰኪና። ፕሮፌሰሩ አዲስ ዓይነት ወፍ ካገኘህ ስሟን አንተ ታወጣለህ ብሎኛል። በፈረንጅ ስም አልጠራትም። በእናቴም ስም አልጠራትም። ያገርሽ ሰው በራሱ አፍ በሚጠራት ስም እጠራታለሁ። ፓሪስም ሎንዶንም ወዶ ሳይሆን በግዱ በናንተ ቋንቋ ይጠራታል። እምልልሻለሁ።»

ሰኪና እነዚያን የከረፉ እጆች ይዛ ከጠረጴዛው ሳበቻቸውና በስፒሪት አንድ በአንድ ጣቶቹን አጠበችለት። የጥፍሩን ሥር እንኳ አልተወችም። ያን ለት ምንም አልሸተታትም።

ለመስቀል ትምህርት ቤት ሲዘጋ አሳምነው ጭላሎ ተራራ ወጣ። ከረጢቱን የተሸከመለት የሰኪና ታላቅ ወንድም ሁሴኖ ነበር። ሁሴኖ አማርኛ እንደ ነገሩ ነው፤ ይሰማል፣ ሲናገር ግን ቶሎ ወደ ኦሮምኛው ይመለሳል። አሳምነው ደግሞ ከኦሮምኛ የሚያውቀው «አካም» ማለትን ብቻ ነው። ሁለቱ እንዴት ተግባብተው ያን ሁሉ ቀን ተራራ ላይ ከረሙ፣ እነሱ ያውቃሉ።

ኅዳር ሲጋመስ አሳምነው በክሊኒኩ መስኮት ብቅ አለ። ሰኪና መርፌ እየቀቀለች ነበር። ፊቱን ስታይ ደንገጥ አለች፤ ሰው እንደ ሞተበት ወይም እንደ ተሾመ ሰው ነበር የሚመስለው።

«አዲስ ናት!» አለ። «ተራራው ላይ ያገኘናት ወፍ! ፕሮፌሰሩ ማንም አያውቃትም አለ። ስሟንም ተቀብሎታል፤ ታትሞም ወጥቷል። ከእንግዲህ ማንም አይሰርዘውም። የወፍ ስም አንዴ ከታተመ፣ ስህተትም ቢኖርበት እንደ ተጻፈ ይኖራል። ሕጉ ነው።»

«ስሟ ማን ነው?»

«እናቴ እሺ ብላለች፤ እሁድ ትመጣለች። እሁድ አባትሽ ፊት እናገራለሁ። ለአባትሽ የማመጣው ስጦታ እሱ ነው።»

«ለኔ ብቻ ንገረኝ፣ አሳምነው። በጆሮዬ።»

«አይሆንም!»

«እንዴት ያለህ ክፉ ነህ! ማን ነገረህ ስሟን?»

«ሁሴኖ ነዋ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ምነው ያን ጊዜ በነገራት! ምነው እግሩ በተሳሰረ!

ሰኪና ማታውኑ አሰላ ለገበያ የመጣውን ሁሴኖን አግኝታ «የወፏን ስም ምን ብለህ ነው የነገርከው?» አለችው። ሁሴኖ አፉን ከፍቶ አያት። «የምን ስም? እኔ ስም አልነገርኩትም» አለ። ተስማምተው የደበቋት መሰላትና ትከሻውን በቡጢ መታችው። ከዚያ እስከ እሁድ የምታውቀውን የወፍ ስም ሁሉ በየተራ እያነሳች፣ የትኛው ይሆን እያለች፣ ብቻዋን ፈገግ ስትል ከረመች።

እሁድ ላንድሮቨሩ ጭቃ እየረጨ ኦቦ ቱሳ ደጅ ቆመ። መጀመሪያ አሳምነው ወረደ። ከዚያ ለሽምግልና የመጡት ባሻ ገብረ መድህን ወረዱ። መጨረሻ ላይ ወይዘሮ አበራሽ እግራቸውን አወጡ፤ ጭቃውን አዩት፤ እግራቸውን መልሰው አስገቡት። ኦቦ ቱሳ ሮጠው ያነጠፉት ቆዳ ላይ ረግጠው ነው የወረዱት። አመሰግናለሁ የለ፣ ምን የለ።

«እንደምን ዋሉ እሜቴ» አሉ ኦቦ ቱሳ፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ ብለው።

«ደህና ነህ ቱሳ» አሉ ወይዘሮ አበራሽ። በሽቶ የነከሩትን መሐረብ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ገቡ።

ሰኪና ቤቱን ከጎህ ጀምሮ ስትጠርግ ነበር። ከገብስ ዱቄት የተሠራው ጪኮ በትኩስ ቅቤ አብረቅርቆ ቀርቧል። ኢቲቱው በታጠነ ቅል ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲከበር በአርሲ ከዚህ የበለጠ ወተት አይቀርብም። ወይዘሮ አበራሽ ቅሉን አዩት። መሐረቡን ጠበቅ አደረጉት።

«ምንድነው የሚሸተው?» አሉ ጮክ ብለው፣ ለልጃቸው።

አሳምነው ቀላ። «ጭሱ ነው እማዬ፣ ቅሉ ይታጠናል» አለና ከጪኮው ዝቆ ጎረሰ። ደግሞ ጎረሰ። ሰኪና ለዚህ ወደደችው። ነገር ግን ሆዷ መገላበጥ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሴትየዋ ቀፈፏት፤ የሽቷቸው ሽታ ከጥንብ አንሳው ሆድ የባሰ ሆነባት። አባቷ ከጎነበሱበት ቀና አለማለታቸው አንገሸገሻት። ከሁሉ የባሰው ራሷ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በጠጣችበት ቅል አፍራ፣ ማንም ሳያያት በጉልበቷ ወደ ጥግ ገፋችው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ አለች።

ባሻ ገብረ መድህን ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። «ኦቦ ቱሳ፣ አመጣጣችን ለመልካም ነው። ልጃችን ልጅህን ወዷል። በእርግጥ ሃይማኖቱም አለ፣ ሌላውም ሌላውም አለ፤ ቀስ ብሎ ይታያል...»

«ምን የሚታይ አለው» አሉ ወይዘሮ አበራሽ በመሐረቡ ውስጥ። «ስሟ ቀድሞም ብርሃነሽ ነው አሉኝ። እንግዲህ ግማሹ ሥራ አልቋል ማለት ነው።»

ኦቦ ቱሳ መሬት መሬት አዩ። ሁሴኖ ጥርሱን ነከሰ። ሰኪና ዓይኗን ወደ አሳምነው ላከችና «አንድ ነገር በል» አለችው በዓይኗ። እሱም ገባው። ዘሎ ተነሣ።

«አንድ ነገር ልናገር» አለ። «እማዬ፣ ባሻ፣ አባባ ቱሳ፣ ስሙኝ። ሰኪና አንድ ቀን የሀገሬ ወፍ ለምን በፈረንጅ ስም ትጠራለች ብላ ተቆጥታኝ ነበር። እውነቷን ነው። ጭላሎ ላይ ማንም የማያውቃት ወፍ አገኘሁ። ትንሽ ናት፣ ደረቷ ወርቅማ። የወገኗ ስም ሲስቲኮላ ይባላል፤ በቁጥቋጦ ውስጥ ነዋሪ ማለት ነው። የራሷን ስም ግን ከላቲንም ከግሪክም አላመጣሁም። ይኼው ሁሴኖ ነው የነገረኝ፤ የአርሲ ሰው የሚጠራበት ስም ነው። ዓለም ሁሉ ከእንግዲህ ሲስቲኮላ አጃአ ይላታል!»

አጃአ። ኦሮምኛ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ይገማል ማለት ነው።

«ማል ጄዴ?» አሉ ኦቦ ቱሳ፣ ምን አለ እንደማለት፣ የገዛ ጆሯቸውን አላምን ብለው።

አሳምነው ደስታ መሰለው። ድምፁን ከፍ አደረገ። «አጃአ! አጃአ ነው ያልኩት አባባ!» እጁን ወደ ሰኪና ዘረጋ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ከዛሬ ጀምሮ እሷም ለኔ ብርሃነሽ አይደለችም። የኔ አጃአ ናት!»

ወይዘሮ አበራሽ መሐረባቸውን ከአፍንጫቸው አላነሱም።

ሁሴኖ ወደ እህቱ ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ አንሾካሾከ። «ወላሂ ስም አልነገርኩትም። ሳምንት የከረመ የወፍ ሬሳ ከረጢቱ ውስጥ አለ። አዲሷን ወፍ ሊከት ሲከፍተው ወደ ውስጥ እያሳየ ‹ምንድነው?› አለኝ። ይገማል አልኩት። ከረጢቱን ነው ያልኩት፣ ሰኪና!»

ሰኪና ሁሉ ነገር አንድ ላይ ገባት። አልሰደባትም። ይኼንን ታውቃለች። ቢሰድባት እኮ ይሻላት ነበር፤ ስድብ ይቅርታ አለው። የጎረሰው የዚህ መሬት ገብስ ነው፤ አጥንቱ የጠነከረው በዚህ ቤት ላብ ነው፤ ሦስት ዓመት ከነዚህ ሰዎች መሐል ኖሯል። የሬሳ ጎታቹን ስም ከግሪክ ፈልፍሎ አምጥቷል። ውሃ የምትቀዳ ሕፃን የምታውቀውን ቃል ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ምን ማለት ነው?» ብሎ አልጠየቀም። እሷ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ነው ብላ ነበር የወደደችው። ክሊኒክ ውስጥ ያ ሁሉ ትልና መግል ያላስመለሳት ልጅ ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች።

«እንግዲህ» አሉ ባሻ ገብረ መድህን ወደ ኦቦ ቱሳ ዞረው፣ «አባት ምን ይላሉ?»

«እሷን ጠይቁ» አሉ ኦቦ ቱሳ። አንገታቸውን ቀና ያደረጉት ያን ጊዜ ነው።

ሰኪና ተነሣች። «አይሆንም» አለች።

«ምን አለች ይቺ?» አሉ ወይዘሮ አበራሽ። መሐረቡ ወደቀ።

አሳምነው አመድ መሰለ። «ሰኪና! ምን አጠፋሁ? ስሙ ነው? ቃሉ ክፉ ነው እንዴ?»

«ታትሟል አላልክም? አይሰረዝም አላልክም?»

«ምን ማለት ነው? ንገሪኝ!»

«እኔ አልነግርህም። ጠይቅ።» አንድ እርምጃ ወደሱ ቀረበች። «ጠይቅ፣ አሳምነው።»

ይኼን ስትል ገና አልቆረጠችም ነበር፤ ይኼን እወቁላት። ሁሴኖ ከእግሩ አጠገብ ተቀምጧል። አባቷ ክንዳቸውን ቢዘረጉ ይደርሱበታል። ወደ አንዳቸው ዞሮ «ምን ብዬ ነው? አስተምሩኝ» ቢል ሁሉንም ትውጠው ነበር፤ መሐረቡንም፣ መጎንበሱንም፣ ዓለም የሚያነበውን ያን የግማት ስም ጭምር። እጁን አጥባ ይዛው ትሄድ ነበር። «ወደነሱ ዙር» አለችው በሆዷ። «አንተዬ፣ ወደነሱ ዙር!»

አሳምነው ወደ ባሻ ገብረ መድህን ዞረ።

«ባሻ፣ አጃአ ምን ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ» አሉ ባሻ። «የነሱን አፍ መች ሰምቼ አውቃለሁ።»

«እማዬ፣ አንቺስ?»

ሰኪና ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልሰማችም። እንግዶቹ ከገቡ ጀምሮ ሲገለባበጥ የዋለው ሆዷ ጸጥ አለ። አየችው፤ ቤታቸው መሐል ቆሞ ከእናቱ መልስ የሚጠብቅ አንድ ረጅም ሰው ነው። አልቀፈፋትም። አላናደዳትም። ምንም አልመሰላትም። ምንም እንዳልመሰላት ሲገባት ነው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው።